የዘር አደራና ተጠያቂነት፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለማን መልስ ይሰጣል?

ከቦሌ ክፍለ ከተማ ጋር በሚዋሰነው የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮሞሮስ ጎዳና ላይ በሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጂን ባንክ ውስጥ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚቀዘቅዙ ክፍሎች ከ80 ሺህ በላይ የእፅዋት ዘር ናሙናዎች ተጠብቀው ይገኛሉ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ሌሎችም የሰብል ዓይነቶች ከየአካባቢው ገበሬ ማሳ ተሰብስበው፣ ተመዝግበውና ደርቀው ለመጪው ትውልድ ተቀምጠዋል።

ይህንን ሀብት በአደራ የያዘው ተቋም የሚተዳደረው በመንግሥት በጀት ነው። እንደማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የወሰደውን ገንዘብ በምን ላይ እንዳዋለ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ነገር ግን የተቋሙ ትልቁ ሀብት ገንዘብ ሳይሆን ዘር ነው። ዘር በትንሽ ፖስታ ሊወጣ ይችላል፤ አንዴ ከወጣም በሌላ አገር ሊባዛ ስለሚችል እንደ ጎደለ ገንዘብ ከፍሎ መተካት ወይም መልሶ ማስገባት አይቻልም። በመሆኑም የሒሳብ ቁጥጥሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ በ1997 ዓ.ም. የተፈረመው የጤፍ ውል በግልጽ አሳይቷል።

ይህ ጽሑፍ ኢንስቲትዩቱ በሕግ አውጪው አካል፣ በዋና ኦዲተር፣ በዓለም አቀፍ ስምምነቶችና በሕዝብ ዘንድ የሚጠየቅባቸውን መንገዶች፣ እንዲሁም ከጤፍ ውል የተገኘውን ትምህርት ይዳስሳል።

የተቋሙ አመጣጥ

የኢንስቲትዩቱ መሠረት የተጣለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በጀርመን መንግሥት የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በተቋቋመው የእፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ነው። ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር በጂን ባንክም ሆነ በገበሬው ማሳ ላይ ለመጠበቅ ባደረጉት ጥረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ማዕከሉ በአዋጅ ቁጥር 120/1990 የብዝሃ ሕይወት ጥበቃና ምርምር ኢንስቲትዩት ሆኖ ተደራጀ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 381/1996 ተሻሽሎ ተቋሙ የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ተባለ። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚለውን መጠሪያ ያገኘው ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 291/2005 ነው።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተቋሙ ስም ብቻ ሳይሆን ተጠሪነቱም ተለዋውጧል። የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት በተከለሰ ቁጥር ኢንስቲትዩቱ ከአንድ የበላይ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተዛውሯል። ይህ ለቁጥጥር ሥራ ትርጉም ያለው ጉዳይ ነው። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ሲለወጥ የተቋሙን ሪፖርት የሚገመግመው ቋሚ ኮሚቴም ሊለወጥ ይችላል። አዲሱ ገምጋሚ ከእርሱ በፊት የተፈረሙ ውሎችን ታሪክ የሚያውቀው መዝገቡ ተሟልቶ ከተላለፈለት ብቻ ነው።

የሕግ አውጪው አካል ቁጥጥር

የቁጥጥሩ መነሻ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበትና ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 55 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር፣ እንዲሁም የፌዴራል መንግሥቱን በጀት የማጽደቅ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ምክር ቤቱ ይህንን ሥልጣን በዋነኛነት የሚሠራበት በቋሚ ኮሚቴዎቹ አማካይነት ነው። የፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚዘልቅ ሲሆን፣ በዚሁ ጊዜ ውስጥ የዘርፉ ቋሚ ኮሚቴ የተቋሙን ዕቅድና የአፈጻጸም ሪፖርት ይገመግማል፤ በአካል ተገኝቶም የመስክ ምልከታ ያካሂዳል። በምልከታው ያያቸውን ክፍተቶች በግብረ መልስ ያሳውቃል፤ በቀጣዩ ግምገማም ክፍተቶቹ መታረማቸውን ይጠይቃል።

ምክር ቤቱ ሌላም ድርሻ አለው። ኢትዮጵያ የምትፈርማቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚጸድቁት በዚሁ ምክር ቤት ነው። የብዝሃ ሕይወት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 98/1986 የጸደቀው ከምክር ቤቱ መቋቋም በፊት በሽግግሩ ዘመን ሲሆን፣ የምግብና የግብርና እፅዋት ጀነቲክ ሀብቶችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን በአዋጅ ቁጥር 330/1995 በምክር ቤቱ ጸድቋል። ስለሆነም ሕግ አውጪው አካል ኢንስቲትዩቱን የሚጠይቀው ስለ በጀቱ ብቻ ሳይሆን አገሪቱ በአዋጅ የተቀበለቻቸውን ግዴታዎች ስለ መፈጸሙም ጭምር ነው።

የዋና ኦዲተር ድርሻ

የምክር ቤቱ አባላት የሚቀርብላቸውን ሪፖርት ከራሱ ከተቋሙ ብቻ የሚያገኙ ከሆነ ቁጥጥሩ ሙሉ አይሆንም። በዚህ ምክንያት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 ከአስፈጻሚው አካል ውጭ የሆነ መርማሪ አቁሟል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮም ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። የመሥሪያ ቤቱንም በጀት ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። መሥሪያ ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 68/1989 የተቋቋመ ሲሆን፣ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 982/2008 እንደገና ተደራጅቷል።

የዋና ኦዲተር ሥራ በአጠቃላይ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የፋይናንስና የሕጋዊነት ኦዲት ሲሆን፣ የተመደበው በጀት ለተፈቀደለት ዓላማና በሕጉ መሠረት መዋሉን ያረጋግጣል። ሁለተኛው የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ነው። ይኸኛው ተቋሙ የተቋቋመበትን ተግባር በቁጠባ፣ በብቃትና በውጤታማነት እያከናወነ መሆኑን ይመረምራል።

ለምርምር ተቋም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የማቀዝቀዣ ክፍል ግዥ በደንቡ መሠረት ተፈጽሞ ደረሰኙም ተሟልቶ ሊገኝ ይችላል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ዘር የመብቀል ኃይሉ በየጊዜው እየተፈተሸ መሆኑን፣ የደከመውም ናሙና በማሳ ላይ ተዘርቶ መታደሱን የሚያሳየው ግን የግዥው ደረሰኝ አይደለም። በሕይወት የሌለ ዘር በመዝገብ ላይ እንደ ናሙና ሊቆጠር ስለሚችል እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያወጣው የክዋኔ ኦዲት ነው።

የኦዲት ግኝቶች ለምክር ቤቱ ከቀረቡ በኋላ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የተመረጡ መሥሪያ ቤቶችን ኃላፊዎች በይፋዊ ስብሰባ ጠርቶ ያነጋግራል። ኃላፊዎቹ ለግኝቶቹ ማብራሪያ ይሰጣሉ፤ ማስተካከያ የሚወስዱበትን የጊዜ ሰሌዳም ያቀርባሉ። ስብሰባው በመገናኛ ብዙኃን ስለሚዘገብ ጉዳዩ ከሰነድ ወጥቶ ሕዝብ ዘንድ ይደርሳል።

የጤፍ ውል

የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና በወቅቱ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ይባል የነበረው ተቋም መጋቢት 27 ቀን 1997 ዓ.ም. ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ጀነቲክ ሀብት አጠቃቀም ውል ተፈራረሙ። ውሉ ለአሥር ዓመት የሚቆይ ነበር። ኩባንያው በውሉ የተዘረዘሩ የጤፍ ዝርያዎችን በኢትዮጵያ ባህላዊ ላልሆኑ ምግቦችና መጠጦች ዝግጅት እንዲጠቀም ፈቀደለት።

በምላሹ ኩባንያው የጥቅም ድርሻ ለመክፈል ተስማምቷል። ከእነዚህም መካከል የጤፍ አምራች ገበሬዎችን ኑሮ ለማሻሻል ታስቦ ለሚቋቋም የድጋፍ ገንዘብ ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ በዓመትም ከ20 ሺህ ዩሮ ያላነሰ እንዲከፍል የሚለው ይገኝበታል። ውሉ በወቅቱ የጀነቲክ ሀብት ጥቅምን ስለመጋራት ከተደረጉ ስምምነቶች መካከል በአርአያነት የሚጠቀስ ነበር።

አፈጻጸሙ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ከኩባንያው ጋር ትስስር ያለው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፓተንት ማመልከቻ ከውሉ መፈረም በፊት በኔዘርላንድስ ቀርቦ ነበር። የአውሮፓ የፓተንት ቢሮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ፓተንቱን ሰጠ። ኩባንያው በ2009 መክሰሩ ታወጀ። ፓተንቱ ግን አብሮ አልጠፋም፤ የውሉ ግዴታ ወደማይመለከታቸው ሌሎች ኩባንያዎች ተላለፈ። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ በውሉ የምትጠይቀው ወገን ሲያጣ፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠው ብቸኛ መብት በኔዘርላንድስና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጸንቶ ቆየ።

የሒደቱን ዝርዝር አጥንተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ይፋ ያደረጉት በኖርዌይ የፍሪትዮፍ ናንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሬጊነ አንደርሰንና ቶነ ቪንገ ናቸው። እንደ ጥናታቸው ከሆነ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ፕሮጀክት ብቻ ነው። በውሉ የተመለከተው ዝቅተኛ ዓመታዊ ክፍያ ለአሥር ዓመት ቢፈጸም ኖሮ ግን ለድጋፍ ገንዘቡ ብቻ 200 ሺህ ዩሮ ይገባ ነበር።

የፓተንቱ ፍጻሜም የመጣው ከውጭ ነው። የፓተንቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሌላ የኔዘርላንድስ ኩባንያ መብቴን ጥሷል በሚል ክስ መሥርቶ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የሄግ ፍርድ ቤት ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ፓተንቱ በኔዘርላንድስ ተቀባይነት እንደሌለው ወሰነ። የተገለጸው አዘገጃጀት ፓተንት የሚያሰጥ አዲስ ፈጠራ ሆኖ አልተገኘም። ዜናው በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ ሲሰማ በኢትዮጵያ በደስታ ተቀባይነት አግኝቷል። ሆኖም ኢትዮጵያ በዚያ ክርክር ውስጥ ተከራካሪ ወገን አልነበረችም፤ ጉዳዩ የተቋጨው በሁለት የውጭ ኩባንያዎች ሙግት ነው።

በአዋጁ የተሞሉ ክፍተቶች

የጤፍ ውል ሲፈረም ኢትዮጵያ የጀነቲክ ሀብት የሚወሰድበትን ሥርዓት በዝርዝር የሚደነግግ ራሱን የቻለ ሕግ አልነበራትም። ውሉ ከተፈረመ አንድ ዓመት ሳይሞላው ስለ ጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት እና ስለ ማኅበረሰብ መብቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ጸደቀ። አርካቦት የሚለው ቃል በአዋጁ ውስጥ ጀነቲክ ሀብትን ወይም ዕውቀትን አግኝቶ መጠቀምን ያመለክታል። ማስፈጸሚያ ደንቡም በቁጥር 169/2002 ወጥቷል።

በአዋጁ መሠረት የጀነቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ሲሆን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤትነት ደግሞ የሚመለከተው ማኅበረሰብ ነው። ሀብቱን ለመውሰድ የኢንስቲትዩቱ፣ ዕውቀቱን ለመውሰድ የማኅበረሰቡ ቅድሚያ ስምምነት ያስፈልጋል። መንግሥት ከጀነቲክ ሀብቱ በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ ይሰጣል።

የውጭ አገር አመልካች ከአገሩ ሥልጣን ካለው አካል ግዴታውን እንደሚያስፈጽምበት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። የተሰጠውን ሀብት ያለ ኢንስቲትዩቱ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይችልም፤ የምርምሩን ሁኔታም በየጊዜው ለኢንስቲትዩቱ ያሳውቃል። በሀብቱ ላይ የአእምሮአዊ ንብረት መብት ለማግኘት ሲፈልግም አዲስ ድርድር ማድረግ ይጠበቅበታል። እነዚህን ድንጋጌዎች ከጤፍ ውል ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የትኛው ክፍተት በየትኛው አንቀጽ እንደተሞላ በቀላሉ ይረዳል።

በቦሌ በር ላይ

አዋጁ የቁጥጥሩን ሥራ ለኢንስቲትዩቱ ብቻ አልተወም። የጉምሩክ ሠራተኞች ከአገር የሚወጣ ጀነቲክ ሀብት የኢንስቲትዩቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን እንዲያረጋግጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል። የእፅዋትና የእንስሳት ኳራንቲን ተቆጣጣሪዎችና የፖስታ አገልግሎት ሰጪዎችም ተመሳሳይ ኃላፊነት አለባቸው። በዚህ ረገድ የአገሪቱ ዋነኛ የአየር በር የሆነው የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ልዩ ሥፍራ ይይዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። በውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ እንጀራ ወይም በርበሬ የሚይዝ መንገደኛ በዚህ አዋጅ ይጠየቃል ወይ የሚለው ነው። አዋጁ ለቀጥታ ፍጆታ የሚውልና ጀነቲክ ሀብቱን መጠቀምን የማይጨምር የምርት ሽያጭን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። ማኅበረሰቦች እርስ በርስ በልማድ የሚያደርጉትን የዘር ልውውጥም እንዲሁ አይመለከትም። ቁጥጥሩ የሚያተኩረው ለምርምር፣ ለማራባትና ለንግድ ልማት በሚወሰድ ዘርና ሌላ ጀነቲክ ሀብት ላይ ነው።

የውጭው ዓለም ዓይን

ኢንስቲትዩቱ ከአገር ውስጥ ቁጥጥር ባሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነቶች በኩልም ይታያል። ኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ስምምነት አባል እንደመሆኗ ብሔራዊ ሪፖርት ታቀርባለች፤ ብሔራዊ የብዝሃ ሕይወት ስትራቴጂና የድርጊት መርሐ ግብርም ታዘጋጃለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የተቀበለችውና በ2014 በሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ ሀብቱን የሚጠቀሙ አገሮች በግዛታቸው ውስጥ የሚካሄደው አጠቃቀም በሕጋዊ ፈቃድ መሆኑን እንዲከታተሉ ያስገድዳል። ይህ ለጤፍ ዓይነቱ ጉዳይ አስፈላጊ ነው። የምግብና የግብርና እፅዋትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለጋራ አጠቃቀም በዘረዘራቸው ሰብሎች ውስጥ ጤፍም ቡናም ስለሌሉ የሁለቱ አጠባበቅ በአብዛኛው በብሔራዊው ሕግና በናጎያ ፕሮቶኮል ላይ የተመሠረተ ነው።

በዚሁ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ፣ ሌላ ጂን ባንክ አለ። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሚያስተዳድረው ይህ ባንክ የመኖ እፅዋትን ናሙናዎች ይይዛል። ተቋሙ ዓለም አቀፍ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ምክር ቤት የበጀት ሪፖርት አያቀርብም፤ ስብስቡን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ የሚያስተዳድረው በዓለም አቀፉ ስምምነት የበላይ አካል ሥር በተደረገ የአደራ ውል መሠረት ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ተቀራርበው የሚሠሩት ሁለቱ ባንኮች አንዱ ለአገሩ ሕግ አውጪ፣ ሌላው ለአባል አገሮች ጉባኤ መልስ ይሰጣሉ።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም የሚያሳየው ነገር አለ። ሕንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባወጣችው የብዝሃ ሕይወት ሕግ ያቋቋመችው ብሔራዊ ባለሥልጣን ሒሳቡ በአገሪቱ ዋና ኦዲተር ይመረመራል፤ ዓመታዊ ሪፖርቱም ለፓርላማው ይቀርባል።

የዜጎች ጥያቄ

ቁጥጥር የባለሥልጣናት ሥራ ብቻ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። የመገናኛ ብዙኃንን የሚመለከተው የአዋጁ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል አልተሻረም። መረጃ የተከለከለ ሰው አቤቱታውን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። እንባ ጠባቂ ተቋሙም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ከጤፍ ውል ታሪክ በመነሳት የምክር ቤት አባልም ሆነ ዜጋ ኢንስቲትዩቱን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች አስቸጋሪ አይደሉም። በሥራ ላይ ያሉ የአርካቦት ውሎች ስንት ናቸው? በእያንዳንዱ ውል መከፈል የነበረበትና የተከፈለው ገንዘብ ምን ያህል ነው? ከተከፈለው ውስጥ ለማኅበረሰቡ የደረሰውስ? ሀብቱን የወሰዱ ድርጅቶች በውጭ አገር ያቀረቧቸውን የፓተንት ማመልከቻዎች የሚከታተለው የሥራ ክፍል የትኛው ነው? ተዋዋዩ ቢከስር ግዴታውን ማን ይረከባል? በጂን ባንኩ ካሉት ናሙናዎች መካከል የመብቀል ኃይላቸው በቅርቡ የተፈተሸውስ ምን ያህሉ ናቸው?

እነዚህ ጥያቄዎች ከበጀት አፈጻጸም መቶኛ ጋር በአንድ ሪፖርት ውስጥ በየዓመቱ መልስ ካገኙ በአንድ ውል ላይ የሚደርሰው መጓደል ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይታወቃል። በጤፍ ጉዳይ የውሉ ዝርዝር አፈጻጸም ተጠንቶ ይፋ የሆነው ውሉ ከተፈረመ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ኩባንያውም ከከሰረ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። ሕጎቹ፣ ኦዲተሩና ቋሚ ኮሚቴዎቹ በቦታቸው አሉ፤ የገበሬው ዘር በአግባቡ የሚጠበቀው እነርሱ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር የውል መዝገቡንም አብረው ሲመረምሩ ነው።